በቻይና ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ሰውንም ሕንፃውንም በአንድ ፎቶ ማንሳት፦ ፊት ይጨልማል፣ ጣሪያ ወደ ኋላ ይወድቃል

እንቁጣጣሽ_በቤጂንግ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ቤጂንግ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ በሰኔ የዶክትሬት ዲግሪዋን ትቀበላለች። ለእናቷ የሚላክና ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ፎቶ ትፈልጋለች፤ እሷ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ከኋላዋ ያለው ሕንፃ ደግሞ የቻይና መሆኑ ከሩቅ የሚታወቅ። ለፎቶ አንሺ የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለን ነገሩ የእኔ ዕዳ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ወደ ዮንግሄጎንግ፣ የላማ ቤተ መቅደስ ወደሚባለው፣ ሄድን። 5 ሰዓት ላይ ገብተን ከ200 በላይ ፎቶ አነሳሁ፤ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ግን ለእናት የሚላክ አንድም አልነበረም። ቀሚሱ ሲያምር የጓደኛዬ ፊት ዓይኗ እስከማይለይ ይጨልማል። ፊቷን ሳበራ ደግሞ ጥልፉ ይጠፋና አንሶላ የተከናነበች ትመስላለች። ቀዩ ግድግዳ አጠገብ ያነሳኋት ላይ አንዱ ጉንጯ በርበሬ የተቀባ ይመስላል። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ እንዲገባልኝ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ሳደርግ ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። የሰዉ ብዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ያለኝ ያገለገለ ካሜራ ነው፤ ሌንሱ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ፍላሽ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የኔታ_ሌንስ

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። 5 ሰዓት ያልሽው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በእነሱ? በእኛ ከሆነ ጥፋቱ ከግማሽ በላይ የሰዓቱ ነው።

እኔ ቻይናን በዓይኔ አላየሁም። ፒያሳ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ይዤ 31 ዓመት ሙሽራ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት ግን የዕለት እንጀራዬ ናቸው። ካሜራ ፊት ለፊቱ ማን እንደቆመ አያውቅም፤ የሚያየውን ሁሉ ደምሮ አማካዩን ግራጫ ማድረግ ነው ሥራው። ነጭ ቀሚስ ሲሞላበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ጨለማ በር ከኋላ ሲገባበት ደግሞ ሁሉን ያነጣል። ስለዚህ ፍርዱን ለእሱ አትተይ። ብርሃኑን ከጉንጯ ላይ ብቻ ለኪ፤ ካሜራሽ በአንዲት ነጥብ ላይ የመለካት ምርጫ አለው፣ ፈልገሽ አግኚው። ከዚያ ቁጥሩን ቆልፊና ጥልፉ መኖሩን አጉልተሽ አረጋግጪ። ፋይሉንም በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አስቀምጪ፤ በኋላ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጥሻል።

ዋናው ነገር ግን አቋቋሟ ነው። ፀሐይ ላይ አታቁሚያት። የእነዚያ ቤቶች የጣሪያ ክፈፍ ወደ ውጭ ረዥም ተዘርግቶ እንደሚወጣ በሥዕል አይቻለሁ። በዚያ ጥላ ውስጥ፣ ግን ጠርዙ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ግቢው አዙረሽ አቁሚያት። ግቢው በድንጋይ ከተነጠፈ የፀሐይዋን ብርሃን ከታች ወደ ፊቷ ይመልሰዋል። ያኔ ቀሚሱም ፊቷም አንድ ዓይነት ብርሃን ስለሚያገኙ ልዩነታቸው ይጠብባል። ካልበቃት ነጠላዋን ታውልቅና ሌላ ሰው ከወገቧ ዝቅ አድርጎ ዘርግቶ ይያዝላት። ማንጸባረቂያ ብለው የሚሸጡልሽ ጨርቅ ከነጠላ የሚበልጥበት ነገር የለም።

ቀዩን ግድግዳ በተመለከተ፦ ቀይ ግድግዳ ቀይ ብርሃን ይረጫል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁለት ወይም ሦስት ሜትር አርቂያት።

ቆሞ_አስቀዳሽ

ስለ ሌንስ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ቦታው ልናገር። ዮንግሄጎንግ እ.ኤ.አ. በ1694 የልዑል መኖሪያ ሆኖ ተሠራ፤ ከ1744 ጀምሮ ግን የቲቤት ቡድሂዝም ገዳም ነው። ዛሬም መነኮሳት አሉበት፣ ዛሬም ሰው ተንበርክኮ ይጸልይበታል። መጨረሻው አዳራሽ ውስጥ ከአንድ የሰንደል ግንድ የተጠረበ፣ ከወለሉ በላይ ብቻ 18 ሜትር የሚቆም የማይትሬያ፣ ወደፊት ይመጣል የሚባለው ቡድሃ፣ ሐውልት አለ። እኔ ሳየው ከጎኔ የነበረች ሴት ታለቅስ ነበር። በአዳራሾቹ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑ ተጽፏል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያልተጻፈውን ነው ማንም የማያስበው። በዕጣን ማጨሻውና በአዳራሹ በር መካከል አይቆምም፤ ሰው የሚሰግደው በዚያ መስመር ነው። ደፉ አይረገጥም፣ ተሻግረው ያልፉታል እንጂ፤ ደፉ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳትማ አይነሳ። ሐውልት በጣት አይጠቆምም። መነኩሴ ሳይጠየቅ አይነሳም።

ቅዳሴ ላይ ቆመን ሳለ ካሜራ የያዘ አገር ጎብኚ ከፊታችን ሲንበረከክ ምን እንደሚሰማን የምናውቅ ሰዎች እዚያ ሄደን ያንኑ ማድረጋችን ይገርመኛል። በተለይ ሁለት መቶ ፎቶ!

እንቁጣጣሽ_በቤጂንግ

ቆሞ_አስቀዳሽ፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። እውነትም ሁለት አሮጊቶች ዕጣናቸውን ይዘው እኛ እስክንጨርስ ቆመው ነበር። ያኔ ትሕትና መስሎኝ አመስግኛቸው ነበር፤ አሁን አፈርኩ።

የኔታ፣ 5 ሰዓት ያልኩት በእኛ ነው። ለእነሱ 11 ሰዓት።

ወጋግራ

እህቴ፣ እኔ ታይዩዋን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። ከዮንግሄጎንግ አትራቂ፤ መንገዱን ብቻ ተሻገሪ። በጓዚጂያን ጎዳና የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1302 ነው። ዕጣን ይዞ የሚሰለፍ ሕዝብ የለበትም፣ ጥድ የሚመስሉ እጅግ ያረጁ ዛፎች ያጠሉበታል፣ ዋናው አዳራሽ ቢጫ ሸክላ የተከደነና በነጭ እብነ በረድ መደብ ላይ የቆመ ነው። ለጓደኛሽ ይበልጥ የሚስማማበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በፊተኛው ግቢ 198 የድንጋይ ጽላቶች ቆመዋል። በዩዋን፣ በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ትልቁን የመንግሥት ፈተና ያለፉ የ51,624 ሰዎች ስም ከነትውልድ ቦታቸው ተቀርጾባቸዋል። ዶክትሬት ለያዘች ልጅ ከዚህ የተሻለ ግቢ የት ይገኛል? አጠገቡ ያለው ጓዚጂያን ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ በክብ ኩሬ የተከበበው አራት ማዕዘን አዳራሽ በ1784 የተጠናቀቀ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የኔታ የነገሩሽ ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ ቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ቤጂንግ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ ናት። የቻይና ቤተ መቅደስ ደግሞ በአብዛኛው በሰሜንና ደቡብ መስመር ተደርድሮ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ ወደ 27 ዲግሪ ብቻ ስለምትወጣ ብርሃኑ ከክፈፉ ሥር ገብቶ እስከ በሩ ይደርሳል፤ የተቀባው እንጨት ሁሉ ይታያል። በሰኔ ግን 73 ዲግሪ ትደርሳለች። ክፈፉ ፊት ለፊቱን በሙሉ በጥቁር ጥላ ይሸፍነዋል፣ ጣሪያው ይነድዳል፣ ከሥሩ ያለው ይጠፋል። አናጺው ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ በበጋ እንዲቀዘቅዝ፣ በክረምት እንዲሞቅ። በጋ የምለው የእነሱን ነው።

ጠዋት ማልደሽ እንዳትሄጂ ደግሞ በሰኔ ፀሐይ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ በሩ እስኪከፈት ከፍ ብላ ትጠብቅሻለች። ከሰዓት በኋላ ነው ዕድልሽ። በሰኔ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ በእኛ፣ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትዞርና ደቡብ የሚያየው ፊት በሙሉ ለስላሳ ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ጥላና የሚነድደው ጣሪያ ያኔ ይታረቃሉ። እስከ መዝጊያው ያለሽ ሰዓት እሱ ነው።

ስለሚያጋድለው ሕንፃ፦ ካሜራው ወደ ላይ ቀና ካለ ቋሚ መስመሮች ይሰበሰባሉ፤ ከአድማስ ጋር እኩል ከያዝሽው ቀጥ ይላሉ። ጣሪያው ካልገባ ካሜራውን አታቅኚ፣ ወደ ኋላ ሂጂ። የግቢው ርቀት ለዚሁ የተለካ ነው። የቻይና አናጺዎች «ጉዎባይ» የሚሉት ነገር አለ፦ ከኋለኛው አዳራሽ ውስጥ ሆነሽ በበሩ ስትመለከቺ የፊተኛው ሕንፃ ጣሪያ በመቃኖቹና በጉበኑ መካከል ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከላዩ ቀጭን የሰማይ መስመር እንዲተርፍ ርቀቱን ይወስናሉ። በሩን እንደ ፎቶ ጠርዝ አስቀድመው አስበውታል ማለት ነው። ካሜራ ሳይፈጠር!

የካንቶን_መንገደኛ

እናንተ ነገር ታወሳስባላችሁ። እኔ ጓንግዡ በንግድ 9 ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የቼን ቤተ መቅደስ እወስደዋለሁ። 16 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ተክዬ ሰውየውን መሐል አቆምና ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባለሁ። የተጣመመውን ስልኬ ላይ ያለው ፕሮግራም ቀጥ ያደርገዋል። አለቀ።

አንድ ምክር ብቻ፦ በጓንግዡ እርጥበት ካሜራን ከቀዘቀዘ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው አትክፈቱ፤ ሌንሱ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ትራይፖድም ይዛችሁ አትድከሙ። አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ ትራይፖዴን ገና ስዘረጋ ጥበቃው መጥቶ እግሮቹን አንድ በአንድ በእጁ አጠፈልኝ። አልተቆጣም፤ እንደ ጃንጥላ አጥፎ አስታቀፈኝ እንጂ።

ወጋግራ

ወንድሜ፣ ቼን ያልከው ቤተ መቅደስ ሳይሆን የቼን ጎሳ የቅድመ አያቶች አዳራሽ ነው፤ በ1894 የተጠናቀቀ። ውበቱ ያለው ደግሞ ጣሪያው ጫፍ ላይ በተደረደሩት የሸክላ ሰዎችና እንስሳት ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ካነሳኸው እነሱ ጉንዳን ያክላሉ፤ ለእነሱ ረዥም ሌንስ ነው የሚያስፈልገው። እንግዳህም መሐል ካልቆመና ጠርዝ ላይ ከሆነ ጭንቅላቱ እንደ ሎሚ ሞላላ ይሆናል።

በፕሮግራም ቀጥ ማድረግን በተመለከተ ደግሞ በሻንሺ ክፍለ ሀገር የይንግሺያን የእንጨት ፓጎዳ (ባለ ብዙ ፎቅ የቤተ መቅደስ ማማ) አለ። እ.ኤ.አ. በ1056 በልያው ሥርወ መንግሥት ተሠርቶ እስከ 67 ሜትር ይደርሳል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያነሳውን ፎቶ በፕሮግራም ቀጥ አድርጎ ለመምህራችን አቀረበ። መምህሩ ለረዥም ጊዜ ካየው በኋላ «ይህን ለጥገና ቡድኑ ላኩላቸው፤ ስንት ዓመት የደከሙበትን አንተ በአንድ ሌሊት ጨርሰኸዋል» አለው። ፓጎዳው በእውነትም ያጋደለ ነዋ! ምሰሶዎቹ ስለዘመሙ ላይኛዎቹ ፎቆች ለጎብኚ ዝግ ናቸው።

ለእህታችን የምመክራት በተቃራኒው ነው። ሌንሱን 70 ላይ አድርጊው። ጓደኛሽ ከአንቺ ሦስት ሜትር ገደማ ትቁም፣ አዳራሹ ከእሷ ኋላ ሠላሳ አርባ ሜትር ይራቅ። ሰውን ከሕንፃው ግድግዳ ሥር አቁሞ ሁለቱንም ለማስገባት መሞከር ነው ሁሉንም የሚያበላሸው። የሌንሱን ቀዳዳ 5.6 ወይም 8 ላይ አድርጊ፤ ከዚያ በላይ ከከፈትሽው፣ ማለትም ቁጥሩን ካሳነስሽው፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይሟሟና ቦሌ ትሁን ቤጂንግ እናቷ አታውቅም።

እንቁጣጣሽ_በቤጂንግ

ይህ በጣም ገባኝ፤ አመሰግናለሁ። ሰውም ሕንፃም እኩል የሚታዩበት፣ አንዱ ሌላውን ያልዋጠበት ፎቶ ምሳሌ ታውቃለህ? አይቼ መማር ይቀለኛል።

ወጋግራ

አውቃለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሳ።

ሊያንግ ስቸንግና ባለቤቱ ሊን ኹዪዪን የቻይናን ጥንታዊ ሕንፃዎች እየዞሩ የሚለኩና የሚያነሱ ባለሙያዎች ነበሩ። በቻይና ምድር ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ7ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን) የተረፈ የእንጨት ሕንፃ የለም፣ ያንን ማየት የፈለገ ጃፓን ይሂድ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት በበቅሎ ተጉዘው በሻንሺ ዉታይ ተራራ አካባቢ ወዳለው ፎጓንግ ቤተ መቅደስ ደረሱ። ምሥራቃዊው አዳራሽ ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ 34 ሜትር ይሰፋል፣ ክፈፉ አራት ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ጣሪያው ውስጥ ወጥተው አቧራው ላይ እየዳኹ፣ በባትሪ መብራት እየለኩ፣ በፍላሽ እያነሱ ቀናት አሳለፉ። የሌሊት ወፉ በሺህ ይቆጠር ነበር፤ ከእሱ ጋር ትኋን። አንድ ቀን ሊን ከአንዱ ወራጅ ሥር የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ አየች። ሩቅ የሚያይ ዓይን ስለነበራት ከሁሉም ቀድማ ለየችው። ወራጁን በእርጥብ ጨርቅ ሲያጥቡት ሕንፃውን ያሠራች የአንዲት ሴት ስም ወጣ፤ ኒንግ ጎንግዩ። ያው ስም በሩ ፊት ለፊት በቆመው የድንጋይ ዓምድ ላይ ከነዓመቱ ተቀርጿል፤ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጁ 857። ስሙና ዓመቱ ገጠመ፤ የለም የተባለው የታንግ ሕንፃ ተገኘ። በኋላ እዚያው አውራጃ በ782 የተሠራ አነስተኛ አዳራሽ ቢገኝም ይህኛው በግዝፈቱ ይበልጠዋል።

ፎቶው ይህ ነው፦ በአዳራሹ ውስጥ፣ ከታላላቆቹ ሐውልቶች ራቅ ብላ የተቀመጠች የኒንግ ጎንግዩ ሐውልት አለች። ሊን ከጎኗ ቆማ ተነስታለች። አሠሪዋና ያገኘቻት፣ በመካከላቸው 1,080 ዓመት። ሕንፃው ከሞላ ጎደል አይታይም፤ ግን ፎቶው ስለ ሕንፃው ነው። እነዚያ ሰዎች በብዙ ፎቶዎቻቸው ውስጥ ሰው ያቆሙ ነበር፤ ወራጅ ላይ፣ ምሰሶ ሥር፣ በ1936 የሰማይ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ሳይቀር። ሰው ሲኖር ልኩ ይታወቃል።

ለማንሳት ብትሄጂ ልብ በይ፦ ያ አዳራሽ እንደ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል። ከፊቱ ያለው መደብ ጠባብ ስለሆነና ዛፍ ስላለበት ፊቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት አይቻልም፤ ሞክሬ ተውኩት። ዳቶንግ ያለው የኹዋየን ቤተ መቅደስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ የልያው ሥርወ መንግሥትን የመሠረቱት ኪታኖች ፀሐይን ያከብሩ ስለነበር ነው ይባላል። እሱ የጠዋት ነው።

የኔታ_ሌንስ

ልጄ ወጋግራ፣ እነዚያ ፊልሞች ምን ሆኑ? የእኔ ነገር፣ ታሪክ ስሰማ ወዲያው ኔጋቲቩን ነው የማስበው።

ወጋግራ

ጋሼ፣ የቻይናና የጃፓን ጦርነት የጀመረው እነሱ ተራራው ላይ እያሉ ነው። ሥራቸውን ቲየንጂን ውስጥ ባንክ አስቀምጠውት ሸሹ። በ1939 ከተማዋን ጎርፍ አጥለቀለቃትና ብዙው ተበላሸ።

የኔታ_ሌንስ

እኔም ስቱዲዮዬ ቱቦ ፈንድቶ የስምንት ዓመት የሠርግ ኔጋቲቭ ውኃ በልቶብኛል። ከሙሽሮቹ አንዳንዶቹ ዛሬም ይደውላሉ። ምን ልበላቸው?

እንቁጣጣሽ_በቤጂንግ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ወደ ኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ የገባነው በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ጽላቶቹ መካከል አነሳኋት። የዛፎቹ ጥላ ፊቷ ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ስለሠራብኝ አንድ የተሟላ ጥላ እስክናገኝ ብዙ ዞርን። ጽሑፉ ተበልቷል፤ ፊት ለፊት ስታነሱት ባዶ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይዋ ከጎን ስትነካው ብቻ ፊደሉ ብቅ ይላል። 10 ሰዓት ከሩብ ሲሆን እንደተባለው የአዳራሹ ፊት ወደ ጥላ ገባ። ልክ መብራት ያጠፉ ይመስል ነበር። 70 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 5.6፣ ብርሃኑን ከጉንጯ ለካሁ፣ ነጠላውን አንዲት የማናውቃት ቻይናዊት ተማሪ ያዘችልን። ጥልፉም አለ፣ ፊቷም አለ፣ ምሰሶዎቹም ቀጥ ብለዋል። ጠቅላላ 38 ፎቶ ነው ያነሳሁት።

እኛ የወደድነው የጽላቶቹን ነበር። ለእናቷ ላክንላቸው። ወዲያው ደወሉ። «ልጄን መቃብር ቦታ ምን አስወሰዳት?» አሉኝ። ፈተና ያለፉ ሰዎች ስም ነው ብዬ ሃያ ደቂቃ አስረዳኋቸው። ገባቸው፤ ግን «ይሁን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔ ስንት ጊዜ ላስረዳ ነው?» ብለው የአዳራሹን መረጡ። 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ይታተማል። ከታች አያይዤዋለሁ፤ ከማተሜ በፊት እዩልኝ።

ቆሞ_አስቀዳሽ

እናቲቱ ትክክል ናቸው። ፎቶውም ጨዋ ነው።

የካንቶን_መንገደኛ

በ16 ብታነሺው ግቢውም በሙሉ ይገባ ነበር። ግን እሺ፣ ያምራል።

የኔታ_ሌንስ

ተባረኪ ልጄ። ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን በትክክል የጠየቅኩሽ ነው። ቀዩን ቀለም በጥቂቱ ቀንሺው፤ ሲታተም ይብሳል። በስተግራ ጥግ፣ ከሁለተኛው ምሰሶ ሥር፣ ሮዝ የፌስታል ቦርሳ የያዘ ሰው ግማሽ ክንዱ ገብቷል። እሱን ቁረጪው።